ደረቅና ሞቃት መፀው፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምንኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስቀል ካለፈ በኋላ ከሱሉልታ እስከ ዱከም፣ ከሰንዳፋ እስከ ሆለታ ወሬው አንድ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፣ ሙቀቱ በዛ፣ ዘንድሮ ምን ሊሆን ነው? ገበሬው ይጠይቃል። ላም ያለው ይጠይቃል። በጓሮው ጎመንና ድንች የተከለውም ይጠይቃል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ በቻልኩት መጠን መልሻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የመፀው ትንበያ ሲወጣ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የዝናቡን መጠን ነው። በእኛ አካባቢ ግን በዚህ ወቅት የዝናቡ መጠን ያን ያህል አይወስንም። ወሳኞቹ ክረምቱ የወጣበት ቀን፣ የሌሊቱ ብርድ እና አዝመራ ላይ የሚወርድ ያልታሰበ ዝናብ ናቸው።

መፀው መቼ ነው? ሚቲዎሮሎጂስ ለምን በጋ ይለዋል?

በእኛ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ሚቲዎሮሎጂ ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍላል፦ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት። ስለዚህ በመስከረም ወር «የበጋ ወቅት ትንበያ» ሲባል ብትሰሙ መፀውም በውስጡ አለ።

«ከመደበኛ በታች ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ጋ ነው።

ባለሙያዎቹ የ30 ዓመት መዝገብ ይይዛሉ። አሁን በብዛት የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። 30ውን ዓመት ከደረቁ ወደ እርጥቡ ይደረድሩና በሦስት እኩል ይከፍሉታል። አሥሩ ደረቅ ዓመታት «ከመደበኛ በታች» ይባላሉ። መካከለኞቹ አሥሩ «መደበኛ» ናቸው። የቀሩት አሥር እርጥብ ዓመታት «ከመደበኛ በላይ» ናቸው። ምንም ምልክት በሌለበት ዓመት ለሦስቱም ያለው ዕድል እኩል ነው፤ በግምት 33 በመቶ።

ትንበያው የሚናገረው ይህ ዕድል ወዴት እንዳዘነበለ ነው። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ከተባለ ደረቁ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ዕድል አለው። ሆኖም መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉም ተደምሮ 55 በመቶ ነው። «ድርቅ ይመጣል ብለው ነበር፣ ዘነበ፤ ዋሹን» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። እኔ ጥፋቱን ከሰሚው ይልቅ በነገሩ አነጋገር ላይ አያለሁ። መቶኛው ተቆርጦ ቀርቶ «ደረቅ ይሆናል» የሚለው ብቻ ሲደርሰን ምን እናድርግ?

ሁለተኛው ነገር የእኛ «መደበኛ» ራሱ ትንሽ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በጥቅምት 40 ሚሊ ሜትር እንኳ በአማካይ አይሞላም። ኅዳርና ታኅሣሥ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። (የወራቱን ስም በግምት ውሰዱት። መዝገቡ የሚያዘው በፈረንጅ ወር ነው።) ሦስቱ ወር ተደምሮ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ከዚያ ላይ ግማሹ ቢቀር የጠፋው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የአንድ ሳምንት የሐምሌ ዝናብ አይሞላም። ስለዚህ ካርታው ላይ አካባቢያችን ደረቅ ተብሎ ቀለም ሲቀባ ብቻ አትደንግጡ።

ሬዲዮ ላይ ድርቅ ይፈራል ተባለ። እኛንም ይመለከታል?

በቀጥታ ብዙም አይመለከተንም። ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ነው። ለቦረና፣ ለጉጂ፣ ለሶማሌ ክልል ይህ ጊዜ ሁለተኛው የዝናብ ወቅታቸው ነው። ቦረናዎች ሐጋያ፣ ሶማሌዎች ደይር ይሉታል። ያ ዝናብ ሲቀር ኩሬ ይደርቃል፣ ሣር ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ያየነው ይህንኑ ነው። በዚያን ጊዜ ላኒና፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከልና ምሥራቁ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ሁኔታ፣ ሦስት ዓመት ተደጋግማለች። በተቃራኒው በ2012 መጀመሪያ ከአፍሪካ በኩል ያለው የህንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ አጥለቀለቀ። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ኤልኒኖ (ያው የፓስፊክ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ) ባለበት ወቅት ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተመታ።

የእኛ አካባቢ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ኤልኒኖ ለደቡብ ምሥራቁ መፀው ዝናብ ሲያመጣ፣ የመካከለኛውንና የሰሜኑን ክረምት ግን ብዙ ጊዜ ያዳክማል። በ2007 ክረምት የሆነው እንደዚያ ነበር። ላኒና ስትሆን ክረምታችን ብዙውን ጊዜ ደህና ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ደረቅና ውርጫማ ወደመሆን ያደላል። ስለዚህ «ኤልኒኖ መጣ» ሲባል ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት የየትኛው ወቅትና የየትኛው አካባቢ ጉዳይ እንደሆነ ጠይቁ።

በገበያ በኩል ግን ሁላችንንም ይደርሰናል። ቆላው ሲጠማ ከደጋው ድርቆሽ በመኪና እየተጫነ ይወርዳል። የድርቆሽ ዋጋ ሲንር የወተቱም ይከተላል። ላም ያላችሁ የደቡቡንም ትንበያ ስሙ የምለው ለዚህ ነው። የወገን ጉዳይ መሆኑ እንዳለ ሆኖ።

ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ ማን ይጎዳል?

በሐምሌ የተዘራ ጤፍ በመስከረም ያብባል፣ ፍሬ መሙላት ይጀምራል። ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ጨርሶ ካቋረጠ የሚቀጭጨው ፍሬው ነው። ሜዳውን ስታዩት አረንጓዴ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። አውድማ ላይ ነው የሚታወቀው።

አፈሩም ልዩነት አለው። በዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃውን ቶሎ ይለቃል። የአቃቂ፣ የዱከምና የበቾ ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ ይቆያል። ሽምብራና ጓያ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ተዘርተው፣ አንድም ዝናብ ሳያገኙ በዚያ በተጠራቀመ እርጥበት ብቻ የሚደርሱት ለዚህ ነው። ይህ አስደናቂ አሠራር ነው። አያቶቻችን ያለ ሚሊ ሜትር መለኪያ የደረሱበት ነው። ነገር ግን መፀው ሲሞቅ ጥቁሩም አፈር ከወትሮው ፈጥኖ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ክረምቱ አጭር እንደሚሆን ከተተነበየ ሽምብራውን ማሳው ውሃውን እንዳጠነፈፈ ወዲያው መዝራት ይሻላል። ሁለት ሳምንት መቆየት ብዙ ያጎድላል።

ለጤፍ ደግሞ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች አሉ። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጸደይና ቦሰት በዚህ ይታወቃሉ። ለዘንድሮው ማሳ ባይደርስም ለሚቀጥለው ሐምሌ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ካሁኑ አናግሩ። ዘር በሰኔ መፈለግ ረፍዷል።

በጓሮ ለምታለሙ፦ ከጎመኑና ከቃሪያው ሥር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱ። ፀሐይዋ አፈሩን በቀጥታ እንዳታገኘው ነው። ውሃም ማታ ወይም በማለዳ አጠጡ።

ቀኑ እንዲህ እየሞቀ ሌሊቱ ለምን አጥንት ይሰብራል?

ሁለቱም ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ማለቱ። ቀን ደመና ስለሌለ ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቃለች። ሌሊት ደግሞ ያ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ደመና ማለት የመሬት ብርድ ልብስ ነው፤ በመፀው ይገፈፋል። አየሩም ደረቅ ስለሆነ የሚያስቀረው ነገር የለም። በዚያ ላይ ከፍታ አለን። አዲስ አበባ መሐል ወደ 2,350 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር በከተማው ውስጥ የሌሊቱ ሙቀት በአማካይ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ዳር ዳሩ ላይ ከዚያም ያንሳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከተራራው እየተንሸራተተ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ጎመን ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ሁልጊዜ ይበርደዋል ብላችሁ አታስቡ። በጥርት ሌሊት ዝቅታው ይብሳል።

አንድ ነገር እባካችሁ ልብ በሉ። «ሙቀቱ ከመደበኛ በላይ ይሆናል» የሚል ትንበያ ውርጭ የለም ማለት አይደለም። ትንበያው የሦስት ወር አማካይ ነው። ሰብል የሚያቃጥለው ደግሞ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። 89 ሞቃት ሌሊት ያለፈበት ድንች በ90ኛው ሊጠቁር ይችላል።

ውርጭ እንደሚመጣ ማታውን ማወቅ እችላለሁ?

በአብዛኛው ይቻላል። ከሰዓት በኋላ የነበረው ነፋስ ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ካለ፣ ሰማዩ ያለ አንዲት ደመና ከዋክብት በከዋክብት ከሆነ፣ አየሩ ደረቅ ሆኖ ከንፈር ካሰነጠቀ ተዘጋጁ። ስልካችሁ ላይ «የሌሊት ዝቅተኛ 4 ዲግሪ» ቢልም አትዘናጉ። ያ ሙቀት የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። መሬቱና ቅጠሉ ከዚያ ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ብለው ሊያድሩ ይችላሉ።

ምን ይደረግ? ከሰዓት በኋላ መሬቱን ውሃ አጠጡት። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ችግኙን ማታ በጭድ፣ በጆንያ ወይም በሸራ ሸፍኑና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ ከፍ አድርጉት። ጥጃና በግ የሚያድርበትን ወለል አድርቁ፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ጨምሩበት። እርጥብ ወለል ላይ ያደረ ጥጃ ሳንባው ይታመማል። ጭስ ማጨስ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰውን ነው የሚጎዳው።

ደረቅ ይሆናል ከተባለ አዝመራው ሜዳ ላይ ቢቆይ ምን አለበት?

በጣም አደገኛው ሐሳብ ይህ ነው። ደረቅ በተባለ መፀው ውስጥም ሁለትና ሦስት ቀን ዝናብ ሊወርድ ይችላል። አንዳንዴ ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ወደ እኛ ዘልቆ ከደቡቡ እርጥበት ጋር ይገናኛል። አንዳንዴ ደግሞ በአረብ ባሕር ላይ የተነሳ ማዕበል እርጥበት ይገፋልናል። የወቅቱ ድምር አሁንም «ከመደበኛ በታች» ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ትንበያው ተሳካ ይባላል፤ ነዶው ግን ረጥቧል።

የረጠበ ነጭ ጤፍ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ዋጋው ይወድቃል። ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። የሱሉልታ ድርቆሽ በስብሶ ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ ለላም አደጋ ነው። ስለዚህ ለአጨዳና ለውቂያ የሦስት ወሩን ትንበያ አትመኑ። ለዚህ የሚሠራው የአሥር ቀኑና የሦስት ቀኑ ትንበያ ነው። የደረሰውን ቶሎ ማጨድ፣ ነዶውን ከፍ ባለ ቦታ መከመር፣ ሸራ አዘጋጅቶ መቆየት ነው። ሸራ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ጎረቤት ለጎረቤት ተዋጥቶ ቢገዛ፣ እንደ ደቦው ሁሉ በተራ ይሠራበታል። በወጣትነት የተማርንበት መንደር ደቦ ሲጠራ ሰው ይቀር አልነበረም። አሁን ከተማው እየዋጠን ቢመጣም ለዚህ ለዚህ እንኳ ብንጠራራ ምናለ?

በእውነት አየሩ እየሞቀ ነው ወይስ ለእኛ እየመሰለን ነው?

እየሞቀ ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ብርዳማ ሌሊቶች ቀንሰዋል፤ ሞቃት ሌሊቶች በዝተዋል። በዓለም ደረጃ 2024 እ.ኤ.አ. እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ዓመት ነበር፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ገደማ በልጧል።

ለእኛ ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ነው። ሲሚንቶ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። አፈርና ሣር ደግሞ ውሃ እያተነኑ ያቀዘቅዙ ነበር። ስለዚህ «ልጅ ሳለሁ እዚህ ሰፈር ውርጭ ነበር፣ አሁን የለም» የሚሉ አዛውንት ትክክል ናቸው። ሁለቱም ነገር በአንድነት ሠርቷል። ዛፍ ያላቸውን ግቢዎች እባካችሁ ለቆርቆሮ ብላችሁ አትጨርሷቸው።

ጉድጓዴ ይደርቃል? የቧንቧውስ?

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ከፍ የሚለው ክረምት እንዳለቀ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ እስከ ሚያዝያና ግንቦት ይዘልቃል። በጥቅምት ሞልቶ ስላያችሁት አትተማመኑ። ገመዱ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ የውሃውን ጥልቀት ጻፉ። በኅዳር ከወትሮው በፍጥነት ከወረደ የበጋውን መጨረሻ ካሁኑ አስቡበት።

የከተማው የቧንቧ ውሃ በከፊል ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ በከፊል ደግሞ እንደ አቃቂ ካሉ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። ግድቦቹን የሚሞላቸው ክረምቱ ነው። የመፀው መድረቅ ብዙ አይጨምርባቸውም፤ ሞቃት ከሆነ ግን ትነቱ ይጨምራል።

ጠዋት ጠዋት ጭሱ ለምን አይለቅም?

ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ከላዩ ሞቃት አየር ሲቀመጥበት፣ ጭስ ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ፀሐይዋ መሬቱን እስክታሞቅ፣ ረፋድ ድረስ ይቆያል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል በደንብ ታዩታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ የቀረልን ልማድ ነው። ያኔ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ አለበት። አካባቢን ማጽዳቱን ይዘን ፕላስቲኩን እንለይ። አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ በዚያን ቀን ጠዋት መስኮት ዝጉ።

ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ ለምን ከእኔ ሰፈር ጋር አይገጥምም?

አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ትንበያዎች መሬቱን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚሰፉ ካሬዎች ከፍለው ያሰላሉ። በአንድ ካሬ ውስጥ ተራራም ሜዳም ሊገባ ይችላል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ» ብላችሁ የምታዩት ቁጥር ለሁለቱም አይሆንም። የከተማችሁን ስም ለይታችሁ ፈልጉ። ከሳምንት በላይ ያለውን ደግሞ እንደ ግምት ብቻ ተመልከቱት።

ታማኝ ትንበያ ከየት ላግኝ?

ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት። የወቅት፣ የወርና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል፣ በማኅበራዊ ገጾቹም ይለጠፋል። ለአካባቢው አገራት ደግሞ ናይሮቢ አካባቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል አለ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሙያዎችን የሚያሰባስብ መድረክ አለው፤ የጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትንበያ ብዙውን ጊዜ በነሐሴ ውስጥ ይወጣል። የወቅቱን አንዴ ስሙት፤ የአሥር ቀኑን ግን ነዶው ጎተራ እስኪገባ ድረስ በየጊዜው ተከታተሉ።